ጥርት ያለ ጭስ

በብርድ ልብስ ፋብሪካው የቦይለር ክፍል ከሠሩት ሰዎች ሁሉ በደረት ኪሱ ብዕር ሰክቶ የሚገባ እሱ ብቻ ነበር። ሌሎቹ የፈረቃ መዝገቡን በተገኘው እርሳስ ጫር ጫር አድርገው የሚወጡ ነበሩ። እሱ ግን እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ካልተቀመጠ አንዲት ቁጥር አይጽፍም። በዚህ የተነሳ ፋብሪካው በሙሉ «ባለብዕሩ» ይለው ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ከሚስቱና ከሰው ኃይል ክፍል በቀር አልነበረም።

ልጅ ሳለ አስተማሪ መሆን ነበር ሕልሙ። ስምንተኛ ክፍል ላይ አባቱ ሲሞት ሕልሙ እዚያው ቀረ፤ ጽሕፈቱ ግን አብሮት መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከእሳት ፊት ቆሞ ሲውል፣ በቀኑ ውስጥ ሰው የሚሆነው መዝገቡን ሲከፍት ብቻ ይመስለው ነበር። መዝገቡ ዓምዶች አሉት። ሰዓት፣ ግፊት፣ የውሃ ልክ፣ የተቃጠለ ነዳጅ፣ የጭስ ቀለም፣ አስተያየት። የመጨረሻው ዓምድ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ቦይለር ክፍል ውስጥ አስተያየት ያለው ሰው አይፈለግም።

ሥራውን ይወድ ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም። ከሥር እሳት፣ ከላይ ውሃ፣ ከውሃው እንፋሎት፤ እንፋሎቱ በቱቦ ሄዶ የማቅለሚያውን ገንዳ ያፈላል፣ የታጠበውን ብርድ ልብስ ያደርቃል። እንፋሎቱ ከቆመ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እሱም ይህን ስለሚያውቅ በግቢው ውስጥ ሲሄድ ደረቱን ነፋ አድርጎ ነበር። ቦይለሩ ጥቁር ናፍጣ በሚያቃጥልበት ዘመን የእሳቱን ድምፅ ሰምቶ ብቻ አየር ያንሰዋል ወይስ በዝቶበታል የሚለውን ለይቶ ይናገር ነበር። ጭስ ማውጫው አናት ላይ የሚታየው የሙቀቱ መርገብገብ ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ በጭስ ቀለም ዓምድ ሥር «ጥርት ያለ» ብሎ ሲጽፍ እውነቱን ነው።

ነገር የተበላሸው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። የናፍጣው ቦቴ አንድ ሳምንት ዘገየ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። የቴክኒክ ኃላፊው፣ ያኔ ገና ኢንጂነር ይባል የነበረው፣ እጁን ኪሱ ከቶ ወደ ቦይለር ክፍል ገባ።

«ለሁለት ሳምንት ነው» አለው። «ከእንጨት መሰንጠቂያዎቹ ሰጋቱራ እናስመጣለን። የራሳችን የክር ቁርጥራጭም አለ፤ ሜዳ ላይ ከሚበሰብስ ይንደድ።»

«ምድጃው ለናፍጣ የተሠራ ነው እኮ።»

«ፍርግርግ እናስገባለታለን። አንተ ደግሞ እሳት አይጠፋብህም።»

«መዝገቡስ?»

ኢንጂነሩ ወዲያ ወዲህ አየ። «መዝገቡ እንደነበረው ይቀጥል። ፈቃዳችን የናፍጣ ነው። ሰጋቱራ ብለህ ጻፍክ ማለት ነገ ተቆጣጣሪ መጥቶ በሩን አሸገ ማለት ነው። ሁለት መቶ ሰው ቤቱ ሊገባ ነው። ሚስትህስ ማሸጊያ ክፍል አይደለች?»

ነበረች። ባለብዕሩ እጁን ታጥቦ፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ጻፈ። ናፍጣ፣ ይህን ያህል ሊትር። ጭስ፣ ጥርት ያለ።

ሁለቱ ሳምንት አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

ከሁሉ የሚያሳፍረው፣ በኋላ ብቻውን ሲሆን ያስበው የነበረው፣ ውሸቱን አሳምሮ መጻፉ ነው። አንዱ ሌላ ሰው ቢሆን በየሰዓቱ አንድ ዓይነት ቁጥር እየደረደረ ይወጣ ነበር። እሱ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ ከሩቅ ያስታውቃል አለ። በዕለቱ ስንት ብርድ ልብስ እንደታጠበ ይጠይቅና፣ ለዚያ የሚሆን እንፋሎት ስንት ሊትር ናፍጣ ይፈጅ እንደነበር በልቡ ያሰላል። ዝናብ ከሆነ የሚገባው ውሃ ቀዝቃዛ ነውና ጥቂት ይጨምራል። ሰኞ ጠዋት ቦይለሩ ቀዝቅዞ ስለሚያድር ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ያልተቃጠለ ናፍጣ በእሱ ብዕር እውነተኛ ናፍጣ ሆኖ ይነዳል። ረዳቱ፣ ሥራ ላይ ፉጨት ስለማይለየው «ፊሽካ» የሚሉት ጎልማሳ፣ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ እያየ ይስቅ ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ ድርሰት ነው መጻፍ የነበረብዎት።»

«ዝም ብለህ ተማር» ይለዋል። «ቁጥር እኩል እኩል አይመጣም። ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ።»

ፊሽካም ተማረ። ጽሕፈቱን ሳይቀር፣ የአራትን ቁጥር አንገት እንዴት እንደሚቀለብስ ሳይቀር ተማረ።

ምድጃው ግን ድርሰት አያውቅም። ሰጋቱራው በክረምት ውሃ ጠጥቶ ይመጣል። አካፋ ሙሉ ሲወረውሩለት አይነድም፤ እሳቱ ላይ ተኝቶ ያፍናል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያ በሩን ሲከፍቱ ጭሱ ተመልሶ ፊት ላይ ይመጣል። የክር ቁርጥራጩ ደግሞ ፕላስቲክ ስላለበት እየቀለጠ ይንጠባጠባል፤ ጭሱ ምላስ ላይ ይመርራል። አፋቸው ላይ የሚያስሩት ጨርቅ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይጠቁራል። ለዚህ ሁሉ ፋብሪካው በቀን ግማሽ ሊትር ወተት ይሰጣቸው ነበር። ደረት ያጥባል ተብሎ። ሚስቱ የሠራተኞች መኖሪያ ውስጥ ባለችው ሁለት ክፍል ቤታቸው የመስኮቱን መጋረጃ በሳምንት ሁለቴ ታጥባለች፤ ስታጥብም ትሳደባለች።

«አንተ ጥርት ያለ እያልክ የምትጽፈው ይኼን ነው?» ትላለች፣ ጥቁሩን ውሃ እየደፋች።

«የኔ እመቤት፣ አንቺ ደግሞ የማታነቢው የለም።»

«አላነብም፤ አጥባለሁ።»

የዛሬ ሦስት ዓመት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አንዲት ባለሙያ መጣች። ትከሻዋ ላይ ቦርሳ ያንጠለጠለች፣ ጫማዋ አቧራ የለበሰ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ናት። መምጣቷ አስቀድሞ ስለተነገረ የሰጋቱራው ክምር ሸራ ለብሶ ነበር። ቦይለሩም በዚያን ቀን ፊሽካ «የእንግዳ ናፍጣ» በሚላት፣ ለእንዲህ ዓይነት ቀን ተብላ በተቀመጠች ናፍጣ ነበር የሚሠራው። የድሮው የእሳት ድምፅ ሲመለስ ባለብዕሩ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ጭስ ነው ብሎ አለፈው።

ልጅቷ መዝገቡን ስታገላብጥ ፊቷ በራ። «እንዲህ ያለ መዝገብ የትም አላየሁም» አለች። «አንድ ሰዓት እንኳ አልተዘለለም። አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሥራዬን አቀለሉልኝ።»

ምን እንደምትፈልግ ሲጠይቃት ቁጭ ብላ አስረዳችው። «ሚቴን የሚባል ጋዝ አለ። እሳቱ አላምጦ ያልጨረሰው ነው በሉት። አይታይም፣ አይሸትም፤ ግን ሰማይ ላይ ወጥቶ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ጥቁር ናፍጣ በደንብ ሲነድ የሚለቀው ጥቂት ነው። እንጨትና ሰጋቱራ ሲሆን ግን ለዚያው ሙቀት አሥር እጥፍ አድርገን ነው የምናሰላው።»

«ታዲያ በየጭስ ማውጫው አፍ ላይ መለኪያ ትሰቅላላችሁ?»

ሳቀች። «መለኪያ ከየት መጥቶ! መዝገብ ነው የምናየው። ምን ተቃጠለ፣ ስንት ተቃጠለ፤ ከዚያ ማባዛት ነው። የአገሪቱ ሪፖርት በእርስዎ ዓይነት ሰዎች ብዕር ላይ ነው የቆመው።»

ሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። ገጾቹን አንድ በአንድ በስልኳ ፎቶ አነሳች። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆም ብላ አየር ሳበች።

«አባባ፣ ሰጋቱራ ሸተተኝ ልበል?»

ለመናገር ያቺ ቅጽበት ነበረችው። ኢንጂነሩ፣ አሁን ሥራ አስኪያጅ ሆኗል፣ ከኋላዋ ቆሞ ዓይኑን ሳያርገበግብ ያየዋል።

«ጎረቤታችን እንጨት መሰንጠቂያ አለ ልጄ» አላት። እውነትም ነበር፤ አለ። ልጅቷ እጆቹን አየች፤ ስልክ ቁጥሯን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠችው። ከጥቂት ወራት በኋላ ፋብሪካው ስለ ንጹሕ አመራረቱ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት መግቢያው ላይ በመስታወት ተሰቀለ። ባለብዕሩ በሥሩ ሲያልፍ ቀና ብሎ አያየውም።

ሳሉ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አለ። ከዚያ አቧራ ነው አለ። በኋላ ከቤቱ እስከ ፋብሪካው በር ያለችውን ዳገት ሦስት ጊዜ ቆሞ የሚወጣት ሆነ። ሐኪሙ የደረቱን ፎቶ ብርሃን ላይ ዘርግቶ ካየ በኋላ፣ ከእንግዲህ እሳት ፊት መቆም እንደማይችል ነገረው። ጉዳዩም ወደ ሕክምና ቦርድ ተላከ።

የቦርዱ ነገር አጭር ነው። በሽታው ከሥራው የመጣ ነው ከተባለ ሕክምናው በፋብሪካው ይሸፈናል፣ ጡረታ እስኪወጣም የሚኖርባት የፋብሪካ ቤት አትነካበትም። አይደለም ከተባለ በሦስት ወር ውስጥ ከሥራም ከቤትም ይወጣል። ቦርዱ ይህን ለመወሰን ከፋብሪካው አንድ ነገር ጠየቀ። ሰውየው ሲያቃጥል የኖረው ምን እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ። ፋብሪካውም ያለውን ላከ። አሥራ አንድ መዝገብ።

ይህን የሰማ ቀን ባለብዕሩ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ሚስቱ አንድ ነገር እንዳለ ከትከሻው አወቀች።

«ሄደህ እውነቱን ንገራቸው» አለችው።

«ሐሰተኛ መዝገብ ጻፍኩ ስል ሰነድ አጭበረበረ ተብዬ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ነው የምባረረው። ሦስት ወሯም የለችም።»

«ያዘዘህ እሱ አይደለም እንዴ?»

ወደ እሱም ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነስቶ ጨብጦ ተቀበለው፣ ሻይ አስመጣለት፣ ስለ ጤናው በጣም አዘነ። ነገሩን ሲሰማ ግን ጣቱን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳ።

«እስቲ አንድ መስመር የጻፍኩበትን ቦታ አሳየኝ» አለው በለስላሳ ድምፅ። «አንድ ፊርማ። ለሁለት ሳምንት ነበር ያልኩህ፤ የቀረውን በራስህ እጅ ነው የጻፍከው። ደግሞ እንዴት ያለ ጽሕፈት!»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከመሳቢያው ሥር ቁራጯን ወረቀት ፈልጎ ደወለ። ልጅቷ ወዲያው አወቀችው። «አባባ! ያ የሚያምር መዝገብ! ለአዲስ ባለሙያዎች ስልጠና ስንሰጥ እኮ እንደ ምሳሌ የምናሳየው እሱን ነው።»

ሁሉንም ነገራት።

«ጠይቄዎት ነበር» አለች።

«ጠይቀሽኝ ነበር ልጄ።»

«ምን ልመስክር? ያየሁት መዝገቡን ነው። የሸተተኝንማ ማን ይቀበለኛል? ቁጥሩም ከሌላው ጋር ተደምሮ ከሄደ ቆየ።» ትንሽ አሰበች። «እርስዎ ፈርመው ደብዳቤ ከጻፉልኝ ግን አለቆቼን እጠይቃለሁ። ሳይፈረም አይሆንም።»

«እስቲ ልየው» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ደብዳቤውን አልጻፈም። በሕይወቱ ለመጻፍ ሰንፎ የማያውቅ ሰው፣ ሁለት ቀን ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጦ ዋለ።

ቦርዱ ፊት የቀረበው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ነው። ሦስት ሐኪሞችና አንዲት ጸሐፊ፣ ጠረጴዛው ላይ የሱ መዝገቦች። ከሩቅ አወቃቸው፤ ጀርባቸውን በብርድ ልብስ ቁራጭ ያለበሰው እሱ ነው። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አንዱን ገለጡ።

«ጽሕፈቱ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«እዚህ ላይ ናፍጣ ይላል። ጭሱም ጥርት ያለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጥርት ያለ። እንዲህ ባለ ጭስ ሳንባ እንዲህ አይሆንም።»

«ጌታዬ፣ ናፍጣ አልነበረም። ሰጋቱራ ነው፤ እርጥብ። የክር ቁርጥራጭ ነው። እኔ የጻፍኩት...» ሳሉ መጣበት። ጸሐፊዋ ብዕሯን አንስታ ጠበቀችው። እስኪያባራለት ሁሉም መዝገቡን የሚያነቡ መሰሉ።

«ታዲያ የትኛውን ሰው እንመን?» አሉ ሰብሳቢው። «እዚህ በየሰዓቱ የፈረመውን ወይስ ዛሬ የመጣውን?»

«የሚያስለውን» አለ ባለብዕሩ።

ከሐኪሞቹ አንዱ ፈገግ ሊል ነበር፤ ተወው። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የደከማቸው ሰው ነበሩ።

«የሚያስል ሰውማ ብዙ ነው። ሲጋራ የሚያጨስም ያስላል።»

«አጭሼ አላውቅም።»

«የተጻፈበት አለ?» ብለው ጠየቁ፣ መልስም ሳይጠብቁ ጎንበስ አሉ። «ይስሙ። መዝገቡ ሐሰት ነው የሚለውን ቃልዎን በቃለ ጉባኤ ላሰፍርልዎት እችላለሁ። ካሰፈርኩት ግን ግልባጩ ለፋብሪካው ይሄዳል። ቦርዱም ቢሆን በእሱ ብቻ ይፈርድልዎታል ብዬ ቃል አልገባም። ይጻፍ?»

ጸሐፊዋ ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየችው። ያ ብዕር እንዲወርድ የሚጠብቀው አንዲት ቃል ነበር። ሁለቷን ክፍል አሰበ፣ መጋረጃዋን አሰበ፣ የሚስቱን ጉልበት አሰበ። ሦስት ወር ሦስት ወር ነው አለ በልቡ።

«ይቅር» አለ።

ሚስቱ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«ጻፉት?»

«አልጻፉትም።» ይቅር ያለው ራሱ መሆኑን አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም፤ ክንዱን ይዛ ደረጃውን አወረደችው። ምናልባት አውቃለች።

ውሳኔው ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። አንድ መስመር ነው፤ ሕመሙ ከሥራው ጋር የተያያዘ ስለመሆኑ የቀረበ ማስረጃ የለም።

የመጨረሻው ቀን ሥራ ርክክብ ብቻ ነበር። ቁልፉን፣ ጓንቱን፣ መዝገቡን ለፊሽካ ማስረከብ። ፊሽካ አንገቱን ደፍቶ ሰጋቱራ በአካፋ ይዝቃል፤ በዚያ ቀን አላፏጨም። ባለብዕሩ እጁን ሁለት ጊዜ ታጠበ። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ። የተቃጠለ ነዳጅ በሚለው ሥር «እርጥብ ሰጋቱራ፣ አርባ አካፋ። የክር ቁርጥራጭ፣ ስድስት ጆንያ» ብሎ ጻፈ። የጭስ ቀለም በሚለው ሥር «ጥቁር። ክር ሲገባ ቢጫ» አለ። ከዚያ ሃያ ስድስት ዓመት ባዶ ወደኖረው የመጨረሻ ዓምድ ሄዶ፣ «ከዚህ በፊት የጻፍኩት ሁሉ እንዲህ መነበብ ነበረበት» ብሎ ፈረመ። ብዕሩን መዝገቡ ላይ ትቶት ወጣ። ወደ ቤቱ ሲወርድ ሁለቴ ብቻ ነው የቆመው። ከብዙ ጊዜ ወዲህ ደረቱ ቀሎት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃ እያሰሩ ሳሉ በሩ ተንኳኳ። ፊሽካ ነው። በአንድ እጁ የዕለት ወተቱን ይዟል፤ ለራሱ የተሰጠውን። በሌላው ብዕሩን።

«ግባ እንጂ ወንድሜ» አለችው ሚስቱ።

«አይ እትዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ።» ወተቱን አስቀመጠ፣ ብዕሩን ለባለብዕሩ አቀበለው፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ትናንት መዝገቡ ላይ ስሕተት ነበረች። ሆድ ብሶዎት ነው፤ ይገባኛል። አለቃው ቢያያት የመልቀቂያ ወረቀትዎን ይይዝብዎት ነበር። ማንም ሳያያት አስተካክያታለሁ። ይኸው የቀደድኳት ገጽ፤ ያቃጥሏት።»

በአራት የታጠፈች ወረቀት እጁ ላይ አደረገለት። ባለብዕሩ አልዘረጋትም። ጽሕፈቱን ያውቀዋል።

«በኔ እጅ አስመስለህ ነው የጻፍከው?»

«ማን አስተማረኝ ታዲያ?» አለ ፊሽካ፣ የመጀመሪያዋን ፈገግታ ፈገግ ብሎ። «የአራቷን አንገት ሳይቀር።»

«ቁጥሮቹስ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እኩል እኩል አላደረግኩም። ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ።»

ባለብዕሩ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳሉ ነው። ፊሽካ ጀርባውን እያሻሸለት፣ «ወተቱን ይጠጡ፣ ሳይሞቅ» ይለው ነበር።